ፕራግ በጀማ ማዶ

የእህቴ ስልክ እኔ ዘንድ ነው። አልዘጋሁትም። በየቀኑ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ከቀብሯ በሦስተኛው ሳምንት መልእክት ገባበት። ኢንግሪድ ናት፣ የኦስትሪያዋ ሴትዮ። "አስካለ፣ ቪየና በረዶ ጀምሯል፤ ወፍራም ካልሲ እንዳትረሺ" ይላል በእንግሊዝኛ።

ለኢንግሪድ የነገራት ሰው አልነበረም። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጎረቤት ደጅ ላይ ቆሞ ነው። በስልክ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም በእኔ እንግሊዝኛ እንዴት ይነገራል? ሁለት ቀን እየጻፍኩ አጠፋሁ። በመጨረሻ "እህቴ ሞታለች። ዓለም ከተማ በምትባል ከተማ። ልቧ ነው ይላሉ። አዝናለሁ" ብዬ ላክሁ። ለምን "አዝናለሁ" እንዳልኩ አላውቅም፤ ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የተማርነው። መልሱ በማግሥቱ መጣ። ብዙ አልነበረም። መጨረሻው ላይ "ብቻዋን ነበረች?" ይላል።

እማዬ ይህን ጠይቃኝ አታውቅም። እሷ ዘንድ መልሱ የታወቀ ነው፤ ድንኳን ውስጥ "ብቻሽን፣ ልጄ፣ ብቻሽን" እያለች ነው ያለቀሰችው። እኔ ግን አላውቅም ነበር። አስከሬኗን ለማምጣት ከአጎቴ ጋር ስንሄድ ማንንም ምንም አልጠየቅንም። ጭነን ተመለስን። የኢንግሪድ ጥያቄ ከመጣ ወዲህ ቁጭ ማለት አቃተኝ። መሐል ሜዳ የምሠራበት ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሰው ወረቀት ኮፒ ማሽን ላይ ጥዬ እወጣለሁ፤ እስከ መናኸሪያ ሄጄ እመለሳለሁ። ስለሷ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥም ያው ነው። ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ።

አስካለ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እትዬ ነበር የምላት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ግን አብሯት የሚሄድ ሰው መሮጥ አለበት። ቆማ ስታወራ እንኳ አንድ እግሯ ወደ መንገዱ ነው። አንድ ጊዜ አግብታ ፈትታለች። ስለዚያ የሚጠይቃት ሲመጣ "እሱም አንድ አገር ነበር፤ አየሁት፤ መጣሁ" ትልና ትስቃለች። ጓሳ ሜዳ አጠገብ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ምግብ ታበስል ነበር። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆች እዚያ ያድራሉ። እንግሊዝኛዋን ያገኘችው ከእነሱ ነው። ሰዋስው የለውም፤ ግን ይሠራል። እኔ አሥራ ሁለተኛ የጨረስኩት አንድ ዓረፍተ ነገር አስቤ ሳልጨርስ፣ እሷ አውርታ፣ ስቃ፣ ተሰነባብታ ነው የምትገኘው።

ኢንግሪድ የመጣችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። በዕድሜ ከእማዬ ትበልጣለች፤ ጀርባዋ ላይ ትልቅ ሻንጣ፣ ከጎኗ ማንም የለም። እትዬ አንድ እሑድ ቤታችን ይዛት መጣች። ያን ቀን አልረሳውም። እማዬ እንግዳዋን ከላይ እስከ ታች አየቻትና "ማን ሞቶባት ነው?" አለች።

"ማንም አልሞተባትም፣ እማዬ።"

"ታዲያ ብቻዋን ምን ያንከራትታታል? ልጅ የላትም?"

"ሁለት አላት። የልጅ ልጅም አላት። አገር ልታይ ነው የመጣችው።"

"ምን አለና ነው የምታየው?"

"ጭላዳ።"

"ገብሳችንን የሚጨርሰውን?" አለች እማዬ። ከዚያ እንግዳዋን እንደገና አየቻትና፣ "በይ አብዝተሽ አብያት፣ ምስኪን" አለች።

እትዬ ይህን ሁሉ አስተረጎመችላት። ኢንግሪድ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስትሄድም ለእህቴ አንድ ፎቶ ትታላት ሄደች። ፕራግ የሚባል ከተማ ውስጥ ያለ የድንጋይ ድልድይ ነው። መኪና አያልፍበትም፤ ሰው ብቻ ነው የሚሄድበት። ወንዙን እያየ፣ ቀስ ብሎ። እትዬ ፎቶውን የማረፊያው ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ቀስ ብላ ሄዳ የማታውቅ ሴት ቀስ ተብሎ የሚኬድበት ድልድይ ላይ ልቧ ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት ኢንግሪድ የጥሪ ደብዳቤ ላከች። ቤቴ ታርፊያለሽ፣ ግን እኔን ለማየት ብቻ አትምጪ፣ ብቻሽን ዙሪ የሚል ነው። እትዬ አሰበችበት። ሮም ትገባለች፤ ከዚያ በባቡር ቪየና፣ ከዚያ ፕራግ። ሦስት አገር። ለመንገድ የሚሆናትን ለዓመታት አጠራቅማ ነበር፤ እንግሊዝኛውም አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት ሌላ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤት መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠችና "ጌቴ፣ እኔ ብቻዬን በልቼ አላውቅም" አለችኝ።

"እንዴት አታውቂም?"

"አስበው እስቲ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። አንድም ቀን ብቻዬን አልበላሁም። ብቻዬን አላደርኩም። ብቻዬን መኪና ተሳፍሬ እንኳ የማላውቀው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም። እዚያ ሄጄ ለማን ነው እንብላ የምለው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ ጀመረች። ሰማያዊ ደብተር ገዛች። በእያንዳንዱ ገጽ ራስ ላይ የአንድ ከተማ ስም፣ ከሥሩ "ተሳክቷል" ወይም "አልተሳካም" የሚጻፍበት፣ ከሥሩ ደግሞ "ምክንያት"። ሕጉ ቀላል ነው፤ ብቻዋን ትሄዳለች፣ ብቻዋን ትበላለች፣ ብቻዋን ታድራለች። ለፓስፖርቷ ከቀሚሷ ውስጥ ኪስ ሰፋች። ስትነሳ፣ ስትቀመጥ፣ በር ስታልፍ ያን ኪስ በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች። ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ። ፓስፖርቱ ቤት ሲሆንም ትመታዋለች።

በቅርብ ያለችውን ራቤል ከተማ ቪየና አለቻት፣ ስለምትበርድ። እዚያ ሄዳ ማደር ነበረባት። አውቶቡስ ላይ አንድ ሽማግሌ አጠገቧ ተቀመጡ። "የማን ልጅ ነሽ?" አሏት። ነገረቻቸው። የአያቷን ስም ጠየቋት። ነገረቻቸው። "ወይ ጉድ! ከአባትሽ ጋር እኮ ማኅበር ጠጥተናል!" አሉ። አለቀላት። ቤታቸው ወሰዷት፤ ዶሮ ታረደ፤ ማታ ብቻዋን እንዳይከፋት ሦስት ሴቶች ከግራ ከቀኝ ሆነው አብረዋት ተኙ። በማግሥቱ አንድ ጆንያ ባቄላ አሸክመው መለሷት።

"ቪየና እንዴት ነበረች?" አልኳት መናኸሪያ ስቀበላት።

"ዘመድ በዝቶባታል" አለችና ጆንያውን ትከሻዬ ላይ ጫነችው።

ደብተሩ ላይ "ቪየና። አልተሳካም። ምክንያት፦ ዘመድ" ብላ ጻፈች።

ቀጥሎ ሮም ነበረች። ደብረ ብርሃንን ነው ሮም ያለቻት፤ ዘመድ ቢኖር እንኳ በሰው ብዛት ይጠፋል ብላ። ያን ጊዜ ነው እኔ ያጠፋሁት። እማዬ ጠዋት ጠርታ "ተከተላት" አለችኝ። "ሳታይህ። ከሩቅ።" እኔም በሌላ መኪና ተከትዬ ሄድኩ። ያረፈችበትን ሆቴል አገኘሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ቤቱ ውስጥ ገባሁና ጥግ ላይ፣ ከጀርባዋ፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ተቀመጥኩ።

ምግቧ መጣላት። እጇን ታጠበች። አልጀመረችም። እጇ ሳህኑ አጠገብ ቆመ። ትከሻዋ ሲጨነቅ ከኋላ ይታየኛል። ቤቱ ግማሽ ያህል ሰው አለበት። ከዚያ ድንገት፣ ዞር ሳትል፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ "እንብላ!" አለች።

"ይመችሽ!" አለ ቤቱ በሙሉ።

እኔም "ይመችሽ!" አልኩ። ምን ላድርግ? ሰው እንብላ ሲል ዝም አይባል። አፌ ቀደመኝ።

እትዬ ቀስ ብላ ዞረች። "ጌትነት" አለች። በሙሉ ስሜ ስትጠራኝ መቆጣቷ ነው። "እንግዲያው ና። ይመችሽ ብለህ ጥግ አትቀመጥ።"

ሳህኔን ይዤ ሄድኩ። አንድ ጉርሻ አጎረሰችኝ፤ አፌ ሙሉ እንደሆነ እንድምል አዘዘችኝ። "እማዬ ትሙት በል።"

"እትዬ፣ ይሄማ…"

"በል!"

"እማዬ ትሙት፣ ሁለተኛ አልከተልሽም።"

"ዋጥና ድገመው" አለች። ደገምኩት። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ግን ዓይኗ አልሳቀም። "እኔ ከኋላዬ ሰው እንዳለ ካወቅሁ አልችልም" አለችኝ። "ሁሌ ዞር እላለሁ። ገባህ?" ገብቶኛል አልኩ። ደብተሩ ላይ "ሮም። አልተሳካም። ምክንያት፦ ጌቴ ከኋላዬ ነበር" ብላ ጻፈችና ለኔ አሳየችኝ።

ፎርሙን የሞላሁላት እኔ ነኝ። የቪዛ ቀጠሮዋ በኅዳር መጨረሻ ነበር። አንድ ቦታ ላይ "አብሮዎት የሚጓዝ ሰው አለ?" ይላል። ተርጉሜ ነገርኳት። "የለም በል" አለች። ጻፍኩ። "እስቲ አትምልኝ" አለች። አተምኩላት። ያቺን "የለም" የምትል ቃል በጣቷ ዳሰሰቻት፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ ጣቷ ላይ ቀረ።

ከቀጠሮው በፊት አንድ ልምምድ ቀርቷት ነበር፤ ፕራግ። ፕራግ ዓለም ከተማ ናት። ለምን ዓለም ከተማ እንደሆነች ልንገራችሁ። እማዬ አንድ ቀን "ይህን ሁሉ አገር ምን ልታዪ ነው?" ስትላት እትዬ "ድልድይ" አለች። "ድልድይ ከፈለግሽ ጀማ ላይ አለልሽ" አለች እማዬ። እትዬ በዚህ ሳቀች፤ በኋላ ግን አሰበችበት። እውነትም ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ገደሉን ወርዶ ጀማን በድልድይ ነው የሚሻገረው። ከመሐል ሜዳ ለመድረስ ደብረ ብርሃን ወርዶ፣ መኪና ቀይሮ፣ እንደገና ቀይሮ ነው። "ትራንዚት አለው" አለች ደስ ብሏት።

የምትሄድ ዕለት ማለዳ እማዬ እንደገና ጠራችኝ። ያው ነገር ነው።

"ምያለሁ፣ እማዬ።"

"በማን?"

"ባንቺ።"

"በኔ ሞት ከሆነ የማልከው እኔ ፈቅጃለሁ። የራሴ ሞት ነው። ተከተላት።"

አልሄድኩም። ፈራሁ። እማዬን የሚነካ ነገር ይመጣል ብዬ ፈራሁ። እትዬንም ፈራሁ፤ ዓይኗን፣ ያን "ገባህ?" ያለችበትን። እስከ መናኸሪያ ድረስ ብቻ ሸኘኋት። "እዚህ ይበቃል" አለች። ኪሷን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችና ገባች። መኪናው ሲንቀሳቀስ በኋላ መስኮት ዞር ብላ አየችኝ። እኔ እጄን አውለበለብኩ። ስንብት መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ "ድልድዩን ተሻገርኩ። መኪና ያልፍበታል፤ ግን ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ሾፌሩ አብዳለች አለ" የሚል መልእክት ላከችልኝ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

ስናመጣት የማስታውሰው ብዙ የለም። አንድ ነገር ግን አስታውሳለሁ። ራሷ ላይ አረንጓዴ ሻርፕ ታስሮ ነበር። የሷ አልነበረም። እህቴ አረንጓዴ ሻርፕ የላትም። ሴቶቹ ሲያጥቧት ፈትተው ለኔ ሰጡኝ። ኪሴ ውስጥ አስቀመጥኩት። በልቅሶው ሁሉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ የማን ነው ብዬ ግን አልጠየቅሁም፤ ሰው በሞተ ሰሞን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመጣም።

ኢንግሪድ ስትጠይቀኝ ነው ሻርፑ ትዝ ያለኝ። ያሰረላት ሰው አለ ማለት ነው። አርባዋን አወጣንና በማግሥቱ ሻርፑን አጥቤ፣ ደብተሯን ይዤ ተነሳሁ። እማዬ ወዴት ነህ አላለችኝም።

ደብረ ብርሃን ወረድኩ። መኪና ቀየርኩ። እንደገና ቀየርኩ። ጀማ ድልድይ ላይ ሾፌሩን አቁምልኝ ብዬ በእግሬ ተሻገርኩ፤ ቀስ ብዬ ለመሄድ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም፣ ተሳፋሪው ይጠብቀኛል። ዓለም ከተማ ስደርስ ያን ቀን በስልክ የተነገረኝን ሆቴል ፈለግሁ። አስተናጋጇ አስታወሰቻት።

"ያቺ የመንዟ? ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የበላችው?"

"ብቻዋን በላች?"

"ብቻዋን። አንድ ጠረጴዛ ለብቻዋ። እንብላ እንኳ አላለችም! ከሰው የተጣላች መስሎን ነበር። ኋላ ስታያት ግን ሳህኑን ጨርሳ፣ እጇን ታጥባ፣ ልክ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ፈገግ ብላ ወጣች። ደግሞ ለኔ ደህና እደሪ ብላ።"

ደስ አለኝ። እዚያ ቆሜ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ በማለቴ አፈርኩ። ብቻዋን መብላት ችላለች። መልሱ ይህ ነው? ለኢንግሪድ ምን ልጽፍ ነው፤ "አዎ፣ ብቻዋን ነበረች፣ አሳክታዋለች" ልበል? እማዬስ? ሆቴሉ ውስጥ አልጋ ያዝኩ። እራት አዘዝኩ፤ ለማንም እንብላ ሳልል ሁለት ጊዜ ጎርሼ ተውኩት።

በማግሥቱ ረፋድ መናኸሪያ ሄድኩ፣ ሻርፑን እጄ ላይ ጠምጥሜ። ሰው ሁሉ ሻርፑን እንዲያየው። ሞኝነት ነው። ግን ከአጥሩ ጎን ጨርቅና ሻርፕ የሚሸጡ አንዲት ሴት አሻግረው አዩኝና ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"ያንን ከየት አመጣኸው?"

"የእህቴ ራስ ላይ ታስሮ ነበር።"

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወይዘሮ ዘሃራ ይባላሉ። ወንበር ሰጡኝ፤ አልተቀመጥኩም፤ ጎትተው አስቀመጡኝ። "አላህ ነፍሷን ይማር። እኔ ነኝ ያሰርኩላት። ላብ አጥልቋት ነበር፤ ብርድ እንዳይመታት ብዬ።"

"ቢነግሩኝ። እባክዎ፣ ሁሉንም።"

"ቁርስ እየበላሁ ነበር። ሻንጣዋን ይዛ እዚህ፣ ልክ አንተ ያለህበት ቆመች፤ መኪና ትጠብቃለች። እንብላ እህቴ አልኳት። ሳቀች። ትናንት ማንንም እንብላ ሳልል በላሁ፣ ዛሬ ግን ልምምዴ አልቋል አለችኝ። ምን እንደምትል አልገባኝም። ዳቦ ነው፣ ሥጋ የለበትም፣ ብዪ አልኳት። ቆርሳ በላች። ስለ አንድ ድልድይ ነገረችኝ። የፈረንጅ አገር ድልድይ። እዚህ ማዶ አለልሽ ስላት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እናቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው አለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ደከመኝ አለች። ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ልክ አልነበረም። ወጣቶቹን ባጃጅ ጥሩ አልኩ። ራሷን ደረቴ ላይ አስደገፍኳት። ብቻሽን ነሽ እንዴ? አልኳት።" ወይዘሮ ዘሃራ መንገዱን አዩ። "አይ አለችኝ። ወንድሜ ከኋላዬ አለ አለች።"

ሻርፑን ከእጄ ላይ ፈታሁ።

"እንዳይከተለኝ ምሎልኝ ነበር፤ ግን እናቴ ሳትልከው አትቀርም፣ አውቃታለሁ አለች። መኪና በገባ ቁጥር ቀና ትል ነበር። ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ትለኛለች፤ እኔን ልታጽናና እኮ ነው የምትመስለው። ባጃጁ ሲመጣ እጄን ይዛ ነበር፤ አልለቀቀችኝም፤ አብሬያት ገባሁ። መንገድ ላይ ነው…" ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ አተኩረው አዩኝ። "አንተ ነህ እንዴ ወንድሟ? የት ቀርተህ ነው፣ ልጄ?"

ይህን ጥያቄ እስከምሞት እሰማዋለሁ።

"ከኋላ ነበርኩ" አልኩ። "መኪና አምልጦኝ።"

"አወቅሁ" አሉ። "አወቅሁ። እሷም እንደዚያ ነው ያለችኝ።" ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ ሁለት ጊዜ። ሻርፑን ልመልስላቸው ዘረጋሁት፤ እጄን ዘግተው መለሱልኝ። ቁርሳቸው ገና አልተነሳም ነበር። ዳቦውን ወደኔ ገፉት። "እንብላ" አሉ።

ይመችዎ አላልኩም። ቆርሼ በላሁ።

መኪናው እስኪመጣ የእትዬን ስልክ አወጣሁና ለኢንግሪድ ጻፍኩ። "አይ። ብቻዋን አልነበረችም" አልኩ። ሰዋስው አላየሁበትም። ከዚያ ደብተሩን ከፈትኩ። "ፕራግ" ብላ ከጻፈችው በታች ገጹ ባዶ ነው። ከወይዘሮ ዘሃራ እስክሪፕቶ ተዋስኩ። ለረጅም ጊዜ ይዤው ቆየሁ፤ ሆቴል ውስጥ የበላችውን ሳስብ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ፈተና እንዳለፈች ፈገግ ብላ የወጣችውን፣ "ተሳክቷል" ብጽፍላት ደስ ባላት ነበር። ይገባታል። ግን እጄ እንቢ አለ። በሷ አጻጻፍ፣ በሷ ቋንቋ ሞላሁት፦

"ፕራግ። አልተሳካም። ምክንያት፦ ጌቴ ከኋላዬ ነበር።"